የተላጠ ሽምብራ

ኢንስፔክተር ቲላካ ከመኪናዋ ሳትወርድ ሽታው ተቀበላት። ክፉ ዓይን እንዲያርቅ ትናንት በር ላይ የተፈረከሰው ዱባ ፀሐይ ላይ ውሎ አድሮ ኮምጥጧል። ሆዱ ውስጥ የተሞላው ቀይ ዱቄት ከውሃው ጋር ተለውሶ አስፋልቱ ላይ ረግቷል፤ ዝንቡ ለጉድ ነው። መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ተሻገረችው። ሃያ ስድስት ዓመት በሕንዷ ቼናይ ከተማ ፖሊስ ውስጥ ሠርታ ሬሳ ለምዳለች፤ ሬሳ ዙሪያ የሚርመሰመሰውን ሰው ግን እስከ ዛሬ አልለመደችውም።

«አይዞዎት ማዳም፣ ይሄኛው ደም አይደለም፤ ደሙ ፎቅ ላይ ነው» አለ ምክትሏ ፓንዲ ፈገግ ብሎ።

«የሚያስቅ ነገር ካለ ንገረኝና አብረን እንሳቅ።»

ፓንዲ ፈገግታውን ዋጠ።

ቤቱ ሳሊግራማም ሠፈር ያለ ባለ ሦስት ፎቅ ነው፤ ታፔላው «ሙጊል የካሜራና የኤዲቲንግ ማሠልጠኛ» ይላል። ትናንት የመሣሪያዎች በዓል ነበር። በዚያ ቀን በከተማው ያለ መሣሪያ ሁሉ፣ ከመጋዝ እስከ አውቶቡስ፣ ታጥቦ የሰንደል ቅባትና ቀይ ዱቄት ይነጠብበትና እስከ ማግሥቱ ጠዋት ሥራ ፈትቶ ያርፋል። ማግሥቱ ደግሞ አዲስ ትምህርት የሚጀመርበት ቀን ነው። ስለዚህ አሥራ ሁለት አዳዲስ ተማሪዎች አበባቸውን ይዘው ከነእናቶቻቸው በሩ ላይ ተኮልኩለዋል። ግማሾቹ ስልካቸውን ቀስረው የፎቁን መስኮት ይቀርፃሉ።

«ትምህርቱን እንኳ ጀምረውታል» አለች ቲላካ፤ በመሃላቸውም ገፍታ ገባች።

የካሜራ አስተማሪው ዳንዳፓኒ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ኤዲቲንግ ክፍሉ ወለል ላይ በአፍጢሙ ተደፍቷል። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ ሁሉም «ማስተር» ነበር የሚለው። ማጅራቱን የመታው የነሐስ መብራት አጠገቡ ወድቋል። ዘይቱ ከደሙ ጋር ተቀላቅሎ ረግቷል፤ ጉንዳን ሰልፍ ሠርቶበታል።

«ትናንት ከቀኑ ዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሞተው» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ።

ቲላካ ሬሳውን ትታ ክፍሉን ማየት ጀመረች። ሦስት ኮምፒውተሮች አሉ። የእያንዳንዳቸው ማብሪያ ቁልፍ ላይ የበዓሉ ነጥብ ተደርጓል። የአንደኛውና የሦስተኛው ነጥብ እንደተቀባ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የሁለተኛው ግን በአውራ ጣት ተጨፍልቋል። ከፊቱ ያለው ወንበር ጎማዎቹ ደም ነክተው፣ ደሙ ከፈሰሰበት እስከ ኮምፒውተሩ ድረስ ቀጭን መስመር አስምረዋል። የሟቹ ግራ እግር ወንበሩን እንዳያግድ ወደ ጎን ተገፍቷል። ቁልፍ ሰሌዳው አጠገብ ደግሞ የሽምብራ ልጣጭ አለ። ሠላሳ ምናምን ይሆናል፤ አንድ በአንድ ተራ ይዞ ተደርድሯል።

ከደሙ ይልቅ ልጣጩ ቀፈፋት፤ ለምን እንደሆነ ግን ለራሷም ገና አልገባትም።

ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ሦስት ሕግ ተጽፏል፤ «ሳታመሳክር አታጥፋ። አንድ ቅጂ ቅጂ አይደለም። ቅጂህ ሌላ ጣሪያ ሥር ይደር።»

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«የኤዲቲንግ አስተማሪው ካቲሬሳን ነው ማዳም። ደግ ሰው ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ እንዳለቀሰ ነው።» ፓንዲ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ብዙ አንድከም። ገዳይዋን ይዣታለሁ። ፑንጎዲ የምትባል ተማሪ ናት፤ እዚሁ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው የምታድረው። ትናንት በዓሉ ላይ ማስተሩን በሰው ፊት ‹ሬሳህን ካላየሁ አልሞትም› ብላዋለች። ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ወደየቤቱ ሲሄድ እዚህ የቀሩት እሷና እሱ ብቻ ናቸው። አለቃም ጋዜጠኛው ሳይበዛ እስከ ስድስት ሰዓት ይዛችኋት ግቡ ብለዋል።»

ቲላካ ሰዓቷን አየች፤ ሦስት ተኩል ነው።

ፑንጎዲ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ኩርምት ብላለች። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ ዓይኗ አብጧል።

«ብለሽዋል?» አለቻት ቲላካ።

«ብዬዋለሁ።»

«ለምን?»

«ፊልሜን አጥፍቶብኝ ነዋ!»

«ፊልም ቢጠፋ ሌላ ይሠራል። ለዚህ ብሎ ሰውን ሙት ይባላል?»

«የኔ አይሠራም ማዳም። አባቴ ቬዳራንያም ጨው ሜዳ ላይ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። የመመረቂያ ፊልሜን ስለ እሱ ሠራሁ፤ ዘጠኝ ቀን ቀረፅኩት። ጨው ሲጠርግ፣ ሲስቅ፣ ሲሰድበኝ። እኔ በተመለስኩ በዐሥረኛው ቀን ሞተ። ቤታችን አንድ ፎቶው የለም። መታወቂያው ላይ ያለውን እንኳ ጨው በልቶት ፊቱ አይታይም።»

ቲላካ የምትቀመጥበት ወንበር ፈልጋ ስታጣ አልጋው ላይ ከጎኗ ተቀመጠች። «ፊልሙ ያለባቸውን የካሜራ ካርዶች ለማን ሰጠሽ?»

«ለካቲሬሳን ሰር። ቀይ ፕላስተር ለጥፌባቸው። ቀይ ማለት ቀረጻ አለበት፣ እንዳይነካ ማለት ነው። በማግሥቱ ጠርቶኝ ባዶ ናቸው አለኝ። ‹ማስተር ለልምምድ ወስዶ ሳያይ አጥፍቷቸዋል፤ እኔ ነገርኩሽ እንዳትይ› አለኝ። እያለቀሰ ነው የነገረኝ።»

«ማስተሩስ?»

«ተሳደበ። እሱ መቼ ሰው ያናግራል! ‹ካርዷን የማትጠብቅ ካሜራ አትያዝ› አለኝ። ትናንት ስጮህበት ግን ዝም አለ። ‹ነገ ጠዋት ታገኚኛለሽ› ብሎኝ ብቻ ሄደ። ዛቻ መሰለኝ። ከዚያ እዚህ ወጥቼ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ተኛሁ፤ ምንም አልሰማሁም። ማዳም... ሊወስዱኝ ነው?»

«እስከ ስድስት ሰዓት አልወስድሽም» አለች ቲላካ። ተነስታም ወደ ምድር ቤት ወረደች።

የማሠልጠኛው ባለቤት ቫሱማቲ ምድር ቤት ቢሮዋ ውስጥ በሐር ሳሪና በጃስሚን አበባ ተንቆጥቁጣ ቁጭ ብላለች።

«ማዳም፣ ይጠይቁኝ፤ ግን ቶሎ ይጠይቁኝ» አለች። «ጥሩው ሰዓት እስከ አምስት ተኩል ነው፤ ከዚያ ካለፈ ለትምህርት መጀመሪያ አይሆንም። ልጆቹን እዚህ ምድር ቤት ቀስ ብለን ብናስጀምራቸው ምን ይመስልዎታል? ድምፅ አናሰማም።»

«ፎቅ ላይ ሬሳ አለ።»

«አውቃለሁ፣ ነፍሱን ይማረውና። እሱም ቢሆን ትምህርት ሲስተጓጎል አይወድም ነበር።»

ቲላካ አፏ ላይ የመጣውን ስድብ ዋጠች። «ኤዲቲንግ ክፍሉን ማን አጸዳ?»

«እኔው ራሴ! ትናንት ጠዋት ከጸሎቱ በፊት ጠረጴዛ ሳይቀር ወለወልኩ፣ ነጥቦቹን በጣቴ ነጠብኩ፣ ቆለፍኩ። ቁልፉ መግቢያው ላይ ተሰቅሏል፤ ሁሉም ያውቀዋል።»

«የበዓሉ ሽምብራ መቼ ታደለ?»

«ከጸሎቱ በኋላ ነዋ፣ ሰባት ሰዓት ላይ። ቀድሞ ማን ይቀምሳል? ውይ በሞትኩት፣ እርስዎም ሳይቀምሱ!»

ቫሱማቲ ወረቀት ጠቅልላ ከትናንት የተረፈውን ሽምብራ ሞላችላት። የተፈቀፈቀበት ኮኮናት ኮምጥጦ ይሸታል። ቲላካ ልትመልስላት ስትል ወረቀቱ ላይ የታተመውን አየች። ሽምብራውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችውና ወረቀቱን ዘረጋችው።

«ኧረ ማዳም!»

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ከማተሚያው ነው። ጠዋት ሬሳው ሳይታይ የልጆቹን ፎርም ላትም ብዬ ስከፍተው መጀመሪያ ይሄን ተፋ። እኛ ቤት ቀረጻ ገልብጦ ቅጂውን ከዋናው ጋር ያመሳከረ ሰው፣ ማረጋገጫው በራሱ ጊዜ ይታተማል። ተማሪ ሳያመሳክር አመሳክሬያለሁ እንዳይል ማስተር ነው ያስገደደን። ማተሚያው ከጠፋ ደግሞ እስኪበራ ወረፋ ይዞ ይጠብቃል። ትናንት እሱም ነጥብ ተደርጎለት ጠፍቶ ነው የዋለው። እኔማ ቆሻሻ መስሎኝ...»

ቲላካ አንዴ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። ኮምፒውተር ሁለት። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ተጀመረ፤ አሥር ሰዓት ከአንድ ላይ አለቀ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ቀረጻዎች ወደ ውጭ ዲስክ ተገለበጡ፤ ሁሉም ተመሳክረው ትክክል ሆነዋል። የያንዳንዱ ቀረጻ ስም የካሜራውን ቁጥርና የተቀረፀበትን ቀን ይዟል፤ ካሜራ ሦስት ይላል።

አዳራሹ ውስጥ አራት ካሜራዎች የአበባ ጉንጉን አጥልቀው፣ ከጠቋቆረ ሙዝ ጋር ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። የካሜራ ጠባቂው ሽማግሌ ካጃ ከአጠገባቸው አልተነሳም።

«አባባ፣ ካሜራ ሦስት በእነዚህ ቀኖች ማን ጋ ነበር?» አለች ቲላካ ወረቀቱን እያሳየችው።

ካጃ መዝገቡን ሳይገልጥ መለሰ። «የጨው ልጅ ጋ፤ ዘጠኝ ቀን። ጨዉን ከካሜራው ላይ ስጠርግ ሳምንት ፈጅቶብኛል።»

«ማስተሩን ሰው ሁሉ ይጠላው ነበር አሉ።»

«ማን ይወደው ነበር ማዳም? አፉ እሬት ነው። የሰው ቀረጻ ግን አያጠፋም። ሠላሳ ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ፤ አንድ ቀን አላጠፋም።» ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። «በዋዜማው ኮምፒውተሮቹን ስናጸዳ ሁለተኛውን ከፍቶ ሲያገላብጥ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ ልክ አልነበረም። ‹የጨው ልጅ ካርዶች አንተ ጋ ሲመለሱ ፕላስተራቸው ምን ነበር?› አለኝ። አረንጓዴ አልኩት፤ አረንጓዴ ማለት ተገልብጦ ጠፍቷል፣ እንደገና መጠቀም ይቻላል ነው። ‹ማን አመጣቸው?› ሲለኝ ካቲሬሳን አልኩት። ከዚያ ተራገመ። እኔን አልነበረም የረገመው።»

«ይሄን ለፓንዲ ነግረውታል?»

«እሱ መቼ ጠየቀኝ? ሲመጣ ሙዙን ነው የበላው።»

ካቲሬሳን የተገኘው የኋላ በረንዳ ላይ ነው። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ለስላሳ ድምፅና ለስላሳ እጅ ያለው ሰው። በቅጠል ሳህን ሽምብራ ይዟል። አንዱን ያነሳል፣ በአውራ ጣቱ ይልጠዋል፣ ልጣጩን የበረንዳው ጠርዝ ላይ ያስቀምጣል፣ ፍሬውን ይበላል። ቀጣዩን ልጣጭ ከፊተኛው ጎን፣ አስተካክሎ።

ቲላካ ጣቶቹን እያየች ቆመች። ያ ፎቅ ላይ የቀፈፋት ነገር አሁን ገባት።

«ሆዴ ልጣጩን አይችለውም» አለ አስተያየቷን አይቶ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ። «ማዳም፣ ልጅቷን አይጨክኑባት። ልጅ ናት። ተጎድታ ነው።»

«እርስዎ መቼ ነው ኤዲቲንግ ክፍሉ የገቡት?»

«በዋዜማው ነው። ከዚያ ወዲህ አልረገጥኩትም። ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ።»

«ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ ማስተሩ ደውሎልዎታል። ስልኩ ላይ ያለው የመጨረሻ ጥሪ ነው።»

«እንኳን አደረሰህ ሊለኝ ነው።» ዓይኑ እንባ ሞላ። «እንዲያ ነበር፤ ላዩ ሻካራ፣ ውስጡ ግን...» ብሎ ሌላ ሽምብራ ላጠ።

ቲላካ ወደ ውስጥ ተመልሳ ፓንዲን ጠራችው። «የካቲሬሳን ቤት ሂድ። ሚስቱን በትሕትና ጠይቃት፤ ትናንት ማታ ምን ይዞ እንደገባና የት እንዳስቀመጠው። ዲስክ ነው የምትፈልገው።»

«ማዳም፣ ስድስት ሰዓት እኮ...»

«ሙዝ እንደበላህበት ፍጥነት ሂድ።»

ለአምስት ሰዓት ሩብ ሲቀረው ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ቫሱማቲ ግድግዳ ሰዓቱን ታያለች፤ ካጃ ካሜራዎቹ ጋ ቆሟል፤ ፑንጎዲ በሁለት ሴት ፖሊሶች መሃል ተቀምጣለች። ካቲሬሳን ሄዶ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ቲላካ ይህን ስታይ እጇን መታጠብ አማራት።

«አንድ በአንድ እንሂድ» አለች። «ከገዳዩ በፊት ወንበሩን እንይ። ጎማው ደም ነክቶ እስከ ኮምፒውተር ሁለት መስመር አስምሯል። ስለዚህ ወንበሩ የተገፋው ደሙ ከፈሰሰ በኋላ ነው። ገዳዩ አልሸሸም፤ የሟቹን እግር ገፍቶ ተቀመጠ።»

«ምን ሊሠራ?» አለ ካጃ።

«ኮምፒውተር ሊከፍት። ነጥቡ በአውራ ጣት ተጨፍልቋል። ምን ሠራበት የሚለውን ደግሞ ወይዘሮ ቫሱማቲ ሽምብራ ጠቅልለው ሰጥተውኛል።» ወረቀቱን ከፍ አደረገችው። «ሁለት መቶ አሥራ አራት ቀረጻዎች ገለበጠ፤ አመሳከረ። በካሜራ ሦስት፣ ጨው ሜዳ ላይ የተቀረፁ።»

ፑንጎዲ ብድግ አለች። «ጠፍቷል የተባለው? የኔ?»

«ያንቺ። አልጠፋም ነበር፤ ኮምፒውተር ሁለት ውስጥ ተደብቆ ነበር። ማስተሩ በዋዜማው ሲያጸዳ አገኘው። አሁን አንድ ነገር አስቡ። ቀረጻውን ማጥፋት ብቻ የፈለገ ሰው በደቂቃ አጥፍቶ ይሄዳል። ፑንጎዲ ብትሆን ፊልሟን ስታገኝ ሠፈሩን በእልልታ ታቀልጠው ነበር፤ ዛሬ ጠዋትም አልጋዋ ላይ አባቷን ቀብራ እንደመጣች ሰው ሆና አላገኛትም። ገልብጦ የጨረሰም ሰው ቢሆን ዲስኩን ነቅሎ ይሮጣል። ይሄኛው ግን ቀረጻው አንድ በአንድ ተመሳክሮ እስኪያልቅ ጠበቀ። ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ፤ ከሬሳ ጎን። ከመጠበቅ ሌላ ምን ሠራ?»

ቲላካ ወረቀቱን አጠፈችው።

«ሽምብራ በላ። እየላጠ። ልጣጩን እየደረደረ። ጠረጴዛው ከጸሎቱ በፊት ተወልውሏል፤ ሽምብራው የታደለው ከጸሎቱ በኋላ ነው። ከዋዜማው ጀምሮ ክፍሉን አልረገጥኩም ያለኝ ሰው ልጣጭ እዚያ ምን ይሠራል?»

ሁሉም ወደ ካቲሬሳን ዞረ። እጁ ውስጥ ያለው የቅጠል ሳህን ትንሽ ዘመመ።

«ማዳም፣ በሽምብራ ልጣጭ ሰው ይከሰሳል?» አለ፤ ድምፁ አሁንም ለስላሳ ነው።

«በልጣጭ ብቻ አይደለም። ሕግህ ግድግዳው ላይ ተጽፏል፤ ሳታመሳክር አታጥፋ። ሃያ ዓመት ስታስተምረው ከእጅህ አልወጣ አለና ከኮምፒውተሩ ከማጥፋትህ በፊት አመሳከርክ። ማስተሩ ተማሪ እንዳይዋሽ ብሎ ያዘዘው ወረቀት ደግሞ አንተን ያዘህ። ማተሚያው በበዓሉ ምክንያት ጠፍቶ እንደነበር ረሳህ።» ቲላካ ‹እርስዎ› ማለቱን እንደተወች ሁሉም ሰምቷል። «ሦስተኛው ሕግህ ደግሞ ቅጂህ ሌላ ጣሪያ ሥር ይደር ይላል።»

ስልኳ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርጋ ለሁሉም አሰማች።

«ማዳም፣ አግኝቼዋለሁ!» አለ ፓንዲ እያለከለከ። «ቤታቸው የጸሎት መደርደሪያ ላይ፣ ከሥዕሉ ኋላ። ሚስቱ ‹ትናንት ይዞት መጥቶ ራሱ ቀባው› አለችኝ። ሰንደልና ቀይ ዱቄት ነጥቦበታል እኮ!»

«ኧረ ጉድ!» አለች ቫሱማቲ። «በዚያ እጁ ቀባው?»

ካቲሬሳን ሳህኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። «መሣሪያ ነው» አለ። «መሣሪያ ሳይቀባ አይታደርም።» ከዚያ ፊቱ ተቀየረ፤ ለስላሳው ነገር ሁሉ ወረደ። «ሃያ ዓመት የሰው ፊልም ቆርጬ ቀጥያለሁ። አንዱም ላይ ስሜ ከታች ካልሆነ በቀር ወጥቶ አያውቅም። ይሄን ሳይ መልሼ መስጠት አቃተኝ፤ እንዲህ ያለ ፊት፣ እንዲህ ያለ ብርሃን። በስሜ ለውድድር ላክሁት፤ አለፈ። ማስተሩ ደወለና ‹ና፣ በገዛ እጅህ መልስላት፣ በተማሪ ፊት ላዋርድህ አልፈልግም› አለኝ። ለምኜዋለሁ። እግሩ ላይ ወድቄ ለምኜዋለሁ! እሷ ልጅ ናት። ሌላ ትቀርፃለች።»

«ሌላ አባት ከየት ታምጣ?» አለች ቲላካ።

ካቲሬሳን እጁን ለፖሊሶቹ ዘረጋ። ወደ ልጅቷ ግን አንዴም አልዞረም። ካቴናው ሲገባለት ጣቶቹ ላይ የሽምብራ ልጣጭ ተጣብቆ ነበር፤ ቲላካ ፊቷን አዞረች።

ዲስኩ ከመጣ በኋላ ካጃ አዳራሹ ውስጥ ያለውን ስክሪን አበራ። መጀመሪያ ነጭ የጨው ሜዳ ታየ። ከዚያ አንድ ጥቁር ቀጭን ሰው መጥረጊያውን ተደግፎ ወደ ካሜራው ቀረበ።

«በርቷል እንዴ ይሄ ነገር?» አለ ሰውየው ዓይኑን ጨፈን አድርጎ። «ምን ታፈጥጫለሽ አንቺ ደደብ! ጥላ ሥር ግቢ፤ ፀሐዩ አናትሽን ሊፈጀው ነው!»

ፑንጎዲ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ፤ ካጃም አብሯት አለቀሰ። ቲላካ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ አንዱ እንኳ ያልጎደለው ያ ሰው ከሬሳ ጎን ቁጭ ብሎ ስላመሳከረው ነው፤ ይህን ስታስብ ደስታው ጠፋባት።

«ማዳም፣ ይቅርታ» አለች ቫሱማቲ ከኋላዋ በሹክሹክታ። «አምስት ሰዓት ከሃያ ስምንት ነው። ሁለት ደቂቃ አለን። ልጆቹን ላስገባቸው?»

ቲላካ ዞራ የቢሮውን በር በጣቷ አሳየቻት። ቫሱማቲ ሳሪዋን ሰብስባ ወደ ቢሮዋ ገባች።

በዚህ መሃል ሬሳውን የተሸከሙት ሰዎች ደረጃውን ሲወርዱ ድምፃቸው ተሰማ። ፑንጎዲ እንባዋን ጠርጋ ተነሳች፤ አባቷን ስክሪኑ ላይ እንደቆመ ትታው ወደ ደረጃው ሄደች። ነጭ ጨርቅ የተሸፈነው ቃሬዛ አጠገቧ ሲደርስ ፊቷ ባንዴ ተለወጠ።

«‹ነገ ጠዋት ታገኚኛለሽ› ያለኝ...» አለች ወደ ቲላካ ዞራ። «ይሄን ሊሰጠኝ ነበር እንዴ?»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ሬሳህን ካላየሁ አልሞትም አልኩት። የመጨረሻ ቃሌ እሱ ነው ማዳም። ሌላ ምንም አላልኩትም።»

ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ቃሬዛውን ተከተለች። በሩ ላይ አሥራ ሁለቱ ተማሪዎች ከዱባው ዙሪያ እንደቆሙ ስልካቸውን አነሱ።

«አውርዱ!» ብላ ጮኸች ቲላካ። «ሁላችሁም፣ አሁኑኑ አውርዱ!»

ስልኮቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ፑንጎዲ ግን አላየቻቸውም፤ እጇን ነጩ ጨርቅ ላይ አድርጋ እስከ መኪናው ድረስ አብራው ሄደች።